የደጃፋችን ስፋት

«በር» የምትለው ቃላችን ሁለት ነገሮችን ተሸክማ ትኖራለች። አንደኛው ከግድግዳው ላይ ታስቦና ተለክቶ የተተወው ክፍት ቦታ ነው፤ ሰውና ብርሃን፣ ነፋስና እንግዳ የሚገቡበት። ሁለተኛው ያንን ክፍት ቦታ የሚሸፍነው ሳንቃ ወይም ብረት ሲሆን፣ ቋንቋችን ለዚህኛው «መዝጊያ» የሚል የራሱን ስም አዘጋጅቶለታል። የገጠሩ ሰው እስከ ዛሬ ሁለቱን አያምታታም። በሩን ያወጣል፤ መዝጊያውን ይገጥማል። ከተሜው ግን «በሩ ተሰበረ፣ በሩ ቀለም ተቀባ፣ በሩ ተሸጠ» ማለት ከለመደ ቆይቷል። ስለዚህ ወለንጪቲ የሚገኘው የእናቴ ቤት የፊት በር ባለፈው ዓመት ተለወጠ ስል እንደ ከተሜው አነጋገር ነው። የተለወጠው መዝጊያው ነው። በሩም አብሮ ሊለወጥ የቀረው በጣም ጥቂት ነበር፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ያ ጥቂት ነው።

ወለንጪቲ ከአዳማ በስተሰሜን ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አዋሽና ወደ ድሬዳዋ በሚያልፈው መንገድ ላይ የምትገኝ የቦሰት ወረዳ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገብቶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በሐዲዱ ዳር ጣቢያ ካገኙት ሥፍራዎች አንዷ ሆነች። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ የማይራራላት፣ ከቦሰት ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ አቧራውን ለየቤቱ የሚያድልባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ አገር የቤት በር ቀን አይዘጋም። የቀኑ መዝጊያ መጋረጃ ነው። ነፋሱ ያወዛውዘዋል፤ ዝንብና አቧራን በመጠኑ ይከለክላል፤ ሰውን ግን አይከለክልም። የመጣ ሰው ከመጋረጃው ማዶ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ «ግቡ» ይባላል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ጎረቤት በቋንቋው ሲጣራም እናቴ በዚያው ቋንቋ «ሴኒ» ብላ ታስገባዋለች። በኦሮምኛ በር «ባልባላ» እንደሚባል ብዙ አንባብያን ያውቃሉ። ያው ቃል የጎሣን ቅርንጫፍ፣ ከአንድ አባት የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ስብስብ እንደሚያመለክት የሚያውቁት ግን ከዚያ ያነሱ ይመስለኛል። በሩንና ትውልዱን በአንድ ስም የጠራ ሕዝብ፣ በር ለመዝጋት የሚሠራ ነገር ነው ብሎ እንዳላሰበ መገመት አያስቸግርም።

ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ በባሕር ዛፍ ተማግሮ፣ በጭድና በጭቃ ተመርጎ፣ በቆርቆሮ የተከደነ። አባቴ በባቡር ጣቢያው የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ሳሉ በ1961 ዓ.ም. ያሠሩት ነው። በሌላው ነገር ሁሉ ሳንቲም እየቆጠሩ ያሠሩ ሰው ለበሩ ሲሆን ግን እጃቸው አልታጠፈም። ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ10 ሆኖ፣ ሁለት ክንፍ ያለው የዋንዛ መዝጊያ ተሠራለት። አናጢው ሳንቃዎቹን በምስማር ብቻ አልደረደራቸውም፤ የአንዱን ጠርዝ ምላስ አውጥቶ፣ የሌላውን ቦይ አበጅቶ አጎራረሳቸው እንጂ። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፍ በር የእስር ቤት በር ነው ይሉ ነበር አባቴ።

የዚያ መዝጊያ ውጭ ፊት የመንግሥታት መዝገብ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች ለርጭት ሲመጡ የጻፉት ቁጥር ነበረበት። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ከታወጀበት ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. ወዲህ ቀበሌው በቀይ ቀለም ያሰፈረው ሌላ ቁጥር ነበረበት። የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች በተራ በተራ ምልክታቸውን ጥለውበት አልፈዋል፤ የኋለኛው በፊተኛው ላይ፣ እርስ በርሱ ሳይፋፋቅ። የውስጡ ፊት ግን የእናቴ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ክረምት ሲጀመር እኔ በጀርባዋ የምታዘል ሕፃን ነበርሁ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ለመስጠት በቅቷል፤ እርሷ የተማረችው በአማርኛ ነው። ቀን የተማረችውን ማታ በመዝጊያው ጀርባ ላይ በከሰል ትለማመድ ነበር። ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ታብሰዋለች፤ ማታ እንደገና ትጽፋለች። የገዛ ስሟን ሳትሳሳት የጻፈች ዕለት ግን ከሰሉን አላመነችውም። በቢላዋ ጫፍ ቀረጸችው።

ይህን ሁሉ ሊበላ የተነሣው ምስጥ ነው። ምስጥ ብርሃን አይወድም። ከመሬት ሥር ወጥቶ፣ የጭቃ መተላለፊያውን በመቃኑ ጀርባ እየሠራ ይወጣና እንጨቱን ከውስጥ ይበላል፤ የላዩን ስስ ገጽና ቀለሙን ሳይነካ ይተወዋል። ስለዚህ ለዓመታት ደኅና መስሎ የቆመ እንጨት አንድ ቀን በጣት ሲነኩት ይሰምጣል። ዋንዛ፣ በተለይም ልቡ፣ ምስጥን በመጠኑም ቢሆን ይቋቋማል። ባሕር ዛፍ ግን አቅም የለውም፤ መቃኖቹ ደግሞ የባሕር ዛፍ ነበሩ። አባቴ ለመዝጊያው ያወጡትን ገንዘብ ለመቃኑ አልደገሙትም። ምስጡም ከመቃኑ ተነሥቶ ወደ ሳንቃዎቹ ግርጌ ተሻገረ። በክረምቱ መግቢያ ላይ እናቴ ደጅ ስትጠርግ የመጥረጊያው እጀታ የመዝጊያውን ግርጌ ነካው፤ ገባም። «ልጄ፣ በሩ ወረቀት ሆኗል» ብላ ደወለችልኝ።

መጀመሪያ የታሰበው ዋንዛን በዋንዛ መተካት ነው። የሠፈራችንን ሽማግሌ አናጢ አማከርሁ። እርሳቸውም ሳቁብኝ። እንጨቱ የት አለና? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ዋንዛን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ከዚያም በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ሌሎች የደን አዋጆች ተከታትለው ወጥተዋል። አናጢው ግን አዋጅ አልጠቀሱልኝም። በወጣትነታቸው ሳንቃ ይገዙባቸው የነበሩ ሰዎች አንድ በአንድ ሲጠፉ አይተዋል። አሁን የሚገኘው ዋንዛ ከየሰው ጓሮ የሚወጣ ቀጭን ግንድ ነው፤ እሱም ሳይደርቅ ይመጣል፤ ሳይደርቅ የተሠራ መዝጊያ ደግሞ በወለንጪቲ ፀሐይ በሁለት ወር ውስጥ ይጣመማል፤ አንዱ ጥግ ሲገጥም ሌላው ጥግ ያፈነግጣል። ደረቅና ሰፊ ሳንቃ ከተገኘም የሚጠየቅበት ዋጋ የብረቱን እጥፍ ያስከነዳል። «ብረት አሠሪ» አሉኝ፣ ለእናቴ የሚናገሩ ይመስል ፊታቸውን ወደ ቤቱ አዙረው።

ስለዚህ ወደ ላሜራ ዞርን። ላሜራ ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ክፈፉ የሚሠራበት ቱቦላሬም እንደዚሁ። በዚህ ምክንያት የብረት በር ከነስሙ ባዕድ ነው፣ የባህላችን ጠላት ነው የሚሉ የኪነ ጥበብ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ አልቀበለውም። ብረቱ ከየትም ይምጣ፣ ቆርጦ የሚያጥፈው፣ በብየዳ አያይዞ አበባና ኮከብ የሚያወጣበት የዚያው ከተማ ልጅ ነው። በበያጁ ፊት በር ሳሠራ የቆምሁ ጊዜ ያሰብሁትም ይህንኑ ነው። ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ፣ የሠራለትን ማረሻ ይዞ ከእርሱ ጋር ማዕድ አልቆርስም ሲል የኖረ ኅብረተሰብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር፤ ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልቆመም። ዛሬ የቀጥቃጩ የሙያ ወራሽ በዋናው መንገድ ዳር፣ በጥቁር መነጽሩ፣ የእሳት ፍንጣሪውን እያዘነበ ሲሠራ ሕፃናት ዙሪያውን ከብበው ያዩታል፤ እናቶቻቸውም አይከለክሏቸውም። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም።

የእኛ በያጅ ዕድሜው ከሠላሳ የማያልፍ፣ በሥራው የሚተማመን ወጣት ነው። ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፤ እንደገና ለካ፤ አንገቱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ሰፊ ነው» አለኝ። በእጁ ያለው፣ ሠርቶ የሚያስቀምጠውና ቶሎ የሚሸጥለት በር ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ላሜራ ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር በ2 ሜትር ሆኖ ተቆርጦ ለገበያ ይቀርባል፤ ከዚያ የሰፋ በር መቀጣጠል ይፈልጋል፤ መቀጣጠል ደግሞ ተጨማሪ ብረት፣ ተጨማሪ ኤሌክትሮድ፣ ተጨማሪ ቀን ነው። መፍትሔው ቀላል መስሎ ታየው። የተዘጋጀውን 90 እንግጠም፤ የሚተርፈውን 30 ሳንቲ ሜትር በብሎኬት እንሙላው። ወጪው ይቀንሳል፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ለሌባም አይመችም። ምክሩ ቅን ነበር። ከአዳማ እስከ መተሐራ በመንገዱ ዳር የማያቸው አዳዲስ የብረት በሮች ወርዳቸው ለምን እንዲህ እንደሚመሳሰል የገባኝም ያን ጊዜ ነው። የበሩን ልክ የሚወስነው የቤቱ ሰው መሆኑ እየቀረ ነው። በአንድ ሩቅ ፋብሪካ ያለ መቁረጫ ለወለንጪቲ ደጃፍ ስፋት ይሰፍራል።

እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማ ነበር። ዐይኗ ደከም ብሏል፤ ጆሮዋ ግን አንድም ነገር አያመልጠውም።

«አንተ ልጅ» አለችው፤ «እኔን በየት በኩል ልታወጡኝ ነው?»

«እማማ፣ እርስዎ ምን ወፍረዋል! በዘጠና በደንብ ይወጣሉ» አላት እየሳቀ።

እርሷም ሳቀች። «በእግሬማ እወጣለሁ» አለች።

የበያጁ ሜትር እየተጠቀለለ ከመያዣው ሲገባ የሰማሁት ድምፅ እስከ አሁን ይታወሰኛል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ጥያቄዋ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በዚያው ዓመት ከእኛ ጥቂት ቤቶች አልፎ የሚኖር አንድ ጎረቤት ሲያርፍ፣ ቤቱ አዲስ ጠባብ በር ከገጠመ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። በሩ ከጠባብ መተላለፊያ ጋር የሚገናኝ ስለሆነ ሳጥኑ አልዞር አለ። የዕድሩ ሰዎች ወዲያም ወዲህም ሞከሩ። በመጨረሻ በአንድ ጎኑ ወደ ላይ አቁመው፣ አንዱ ከታች እየደገፈ፣ ሌላው ከላይ እየጎተተ አወጡት። ሟቹ ሳጥኑ ውስጥ ወደ ግርጌ ሲንሸራተት የሰማ ሁሉ ሰማ። ልቅሶው ለአንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ ሲቀጥል ሌላ ልቅሶ ነበር። እናቴ በዚያ ቀን እዚያው ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ወደ ቤቷ ተመልሳ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እኔም የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

አባቴ በ1989 ዓ.ም. ሲያርፉ የወጡት በዚያ በ1 ሜትር ከ20ው በር ነው። ሁለቱም ክንፎች ተከፍተው ከግድግዳው ጋር ተጣብቀው ነበር። ስድስት ሰዎች በግራና በቀኝ ሆነው፣ ትከሻቸውን ጥቂት አዘንብለው፣ ሳይቆሙና አንዱ ሌላውን «ቆይ፣ ቀስ» ሳይል አሳለፏቸው። በር ያንን ሲያደርግ ማንም አያስተውለውም። እኔም በዕለቱ አላስተዋልሁም፤ ማስተዋል የሚጀመረው አንድ ቀን ሳጥን ቆሞ ሲወጣ ከታየ ወዲህ ነው። እኅቴም ሙሽራ ሆና የወጣችው በዚያው ነው፤ ሚዜዎቿ በግራና በቀኝ እጇን እንደ ያዙ። በኀዘኑ ሰሞን ደግሞ በሩ ሌት ተቀን አይዘጋም ነበር፤ የሚገባው የሚወጣውን ሳያስቆም ይተላለፍበታል። ኩንታል ጤፍም፣ የተነጠለ አልጋም፣ እሳት የያዘ ምድጃም እንደዚሁ። ይህን ሁሉ ለበያጁ መዘርዘር አላስፈለገኝም። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ቀድሞ የለካውን ቁጥር በጠመኔ ጻፈ፤ 1.20።

ሰፊ በር በራሱ ደግነት አይደለም። ይህን ካላልሁ አንባቢ ይታዘበኛል። በባላባታዊው ሥርዓት ዘመን የመኳንንቱ ግቢ በሮች ሰፋፊ ነበሩ፤ ባለ ጉዳይ ግን በእነርሱ ፊት ወራትና ዓመታት ቆሞ ይከርም ነበር። «ደጅ መጥናት» የሚለውን አነጋገር ያተረፍነው ከዚያ ነው። «ደጃዝማች» ብለን የምንጠራው ማዕርግ ትርጓሜው የደጅ አዝማች ማለት ነው፤ አጋፋሪውም የሚገባውንና የማይገባውን እየለየ ሲኖር ሹመት ሆኖለታል። በር ያለው ሰው ሁሉ ጥቂት አጋፋሪነት ያድርበታል፤ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ የምሟገተው ለወርዱ ብቻ አይደለም። በእናቴ ደጃፍ ላይ አጋፋሪ ስላልነበረ፣ መጋረጃ ብቻ ስለነበረ ነው።

የተውኔት ሰው ስለሆንሁ መጋረጃ ሲነሣ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። በግእዝ «መድረክ» ማለት የቤት ደፍ፣ እግር የሚረግጠው የበሩ ግርጌ ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም በዚሁ ትርጉም ይገኛል። ቴአትር ወደ አገራችን ሲገባ የተዋናዩን መቆሚያ በዚሁ ስም ጠራነው። መጋረጃውንም ከቤታችን በር ላይ አንሥተን ሰጠነው። ኖርዌያዊው ደራሲ ሄንሪክ ኢብሰን በ1879 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የአሻንጉሊት ቤት» በተባለው ተውኔቱ ፍጻሜ ላይ ኖራ የተባለችው ሴት ባሏንና ልጆቿን ትታ ስትወጣ ተመልካች የሚሰማው የመጨረሻው ነገር የሚዘጋው በር ድምፅ ነው። አውሮጳ ስለዚያ ድምፅ ብዙ ተከራክሯል። ያንን ትዕይንት ወለንጪቲ ላይ በቀን ማሳየት አይቻልም፤ መጋረጃ አይጮኽማ። የእኛ ሴት ስትወጣ የሚሰማው የጎረቤት «ወዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ እሱም ከበር ይልቅ የሚያስቸግር ሆኖ ይገኛል። ደግሞም በልምምድ ጊዜ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ተዋናይ በጠባብ በር ሲገባ ለተመልካቹ ጎኑን ይሰጣል፤ በሰፊ በር ሲገባ ደረቱን ይሰጣል። ገና አፉን ሳይከፍት በቤቱ ውስጥ ያለው ቦታ ታውቆለታል።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። በያጁ ሁለት ክንፍ አድርጎ ሠራው፤ ሰፊው 80፣ ጠባቡ 40። ጠባቡ ከላይና ከታች በመወርወሪያ ተይዞ ይኖራል፤ ሲፈለግ ይከፈታል። መቃኑ የብረት ሆነ፤ ግርጌው በስሚንቶ ተያዘ፤ ምስጥ የሚወጣበት እንጨት ከመሬት ጋር እንዳይነካካ ተደረገ። ፀረ ዝገቱ ቀለም ደርቆ ሰማያዊው ሲቀባበት ሥራው ያማረ መሰለ። ልጁ በውጭው ፊት ላይ ኮከብ ልሥራ ቢላት «ኮከቡ ከላይ ሞልቷል፤ ጀበና ሥራልኝ» አለችው። ሠራላት። ጆሮዋ በጣም ተልቃለች እንጂ ጀበና ናት።

የቀረው ሙቀቱ ነበር። ብረት ሙቀትን ከእንጨት በመቶ በሚቆጠር እጥፍ ያስተላልፋል፤ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ የተዘጋ የላሜራ በር ያለበት ክፍል እንደ ምጣድ ክዳን ያፍናል። ከዚህ ላይ ሽማግሌው አናጢ ሳይጠሩ መጡ። የአሮጌውን መዝጊያ ሳንቃዎች በመዶሻ ጀርባ እየመቱ ድምፃቸውን አዳመጡ፤ ከወገብ በታች ያለውን ምስጡ ጨርሶታል፤ ከወገብ በላይ ግን ዋንዛው ዋንዛ ነው። ደኅናውን ቆርጠው፣ በመላጊያ አቃንተው፣ ከሰፊው ክንፍ ውስጠኛ ፊት ላይ በቡሎን አሠሩት። በብረቱና በእንጨቱ መካከል የጣት ያህል ክፍተት ተዉ፤ አየሩ እንዲገባበት። የቡሎኖቹን ቀዳዳ በእንጨቱ ላይ ሞላላ አደረጓቸው። በያጁ ምክንያቱን ሲጠይቃቸው፣ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ብረቱ አይጠብቀውም አሉት፤ ጠበቅ አድርጎ ያሰረው ሰው ይሰነጥቀዋል። ወጣቱ ሞላላውን ቀዳዳ በጣቱ ዳሰሰና «ይቺን እወስዳታለሁ» አለ። ከዚያ ወዲህ ለሌላ ደንበኛ እንደዚሁ አድርጎ እንደ ሠራ ሰምቻለሁ።

ሳንቃዎቹ ሲቆረጡ የእናቴ ስም ተርፏል። የጻፈችው በትከሻዋ ልክ ነበርና ምስጡ አልደረሰበትም። አናጢው መላጊያውን ወደዚያ ሲያስጠጉ ግን «እሱን ተዉት» ስትል ሰምቻታለሁ፤ በዚያ ቦታ ላይ እንጨቱ አልተላገም፤ የከሰሉ ጥቁረት በጭረቶቹ ውስጥ እንዳለ ነው።

የብረቱ ነገር ሁሉ ተስማምቷታል ማለት አይቻልም። ነፋስ ሲነሣ ይንኳኳል። የሠፈሩ ሕፃናት ድምፁን ወደውት በጠጠር ይመቱታል። «ቤቶች!» ይሉ የነበሩ አንዳንድ ጎረቤቶችም አሁን በጣታቸው ቀለበት ማንኳኳት ጀምረዋል፤ መጋረጃው ተሰቅሎ፣ መዝጊያው ወለል ብሎ እያለ። እናቴ ለሚያንኳኳ ሰው ቶሎ አትመልስም። ስሙን ጠርቶ እስኪጣራ ድረስ ዝም ትላለች።

ቀበሌው ቁጥሩን ገና አልጻፈበትም። ሰፊው ክንፍ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይከፈታል፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ጠባቡ እስከ አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ተከፍቷል፤ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አጠገብ ያዛወርን ዕለት። እርሷ ግን በየወሩ መባቻ በርጩማዋን አስጠግታ፣ ጨርቅ በዘይት ነክራ የላይኛውንና የታችኛውን መወርወሪያ ትወለውላለች። የላይኛው አልደርስባት ሲል ከመንገድ የሚያልፍ ልጅ ትጠራለች።